አምፖሉን ማን ይቀይራል?

ነፋስ የሚታዘዘው ሰው ልጽፍ ተነሣሁ፤
አዳማ ተወልጄ ከነፋስ ሌላ ምን አውቃለሁ?
የጠረግኩትን ደጅ አቧራው መልሶ ሲያለብሰው፣
ቆርቆሮ ሌሊቱን ሲያጨበጭብ፣ እላለሁ፦ ይሄ የሆነ ሰው፣
አኩርፎ የተኛ ሰው ነው።

ስሙን ገመዳ አልኩት፤ ገመድ የማይዘው።
ሲያስነጥስ ባጃጅ ይገለብጣል፣
ሲቆጣ ጣሪያ እንደ ጋዜጣ ይገልጣል።
አንዴ በገበያ ቀን ተቆጣ። ሦስት ሰው ቀበርን።
ጃንጥላ ይዛ የነበረችው አራተኛዋ
እስካሁን አልተገኘችም።

እስር ቤት ሠራሁለት፤ መሠረቱ አሥር ክንድ የጠለቀ፣
በሩ ሰባት፣ ብረቱ ከሰማይ የወደቀ፣
መስኮት የሌለው፣ ጨለማው ከጨለማ የላቀ።
ጨርሼ ራሴን አደነቅኩ፤
ወረቀቱን ይዤ ወደ ሂርጳ ዘለቅኩ።

ሂርጳ ሃያ ሦስት ዓመት ወህኒ ጠብቆ ጡረታ የወጣ፣
ዛሬ ከመናኸሪያው ጀርባ ጎማ የሚነፋ።
እጁን በጨርቅ እየጠረገ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።
«አምፖሉ ሲቃጠል» አለኝ፣ «ማን ይቀይራል?
ባልዲውንስ ማን ይደፋል?
ሰባት በር፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ደርሶ መልስ!
በሦስተኛው ሳምንት ጠባቂሽ አራቱን
በድንጋይ ደግፎ ይተዋቸዋል።
እኔም ትቻቸዋለሁ።
ደሞዙ ስንት ነው? ልጁ ታሞ ያደረ ለት ማን ይተካዋል?
ብረትሽን አምኛለሁ፤ ሰውሽን የት አደረግሽው?
ደግሞ መስኮት የለውም አልሽ። በምን ይተነፍሳል?
ትንፋሽስ ነፋስ አይደለም?»

ኮምፕሬሰሩ በኔ ፋንታ ተነፈሰ።

ቤት ገብቼ አምስት በር ሰረዝኩ።
ከሰማይ የወደቀውን ብረት ወደ ሰማይ መለስኩ።
በወንጂ መንገድ ላይ አሮጌ የስኳር መጋዘን አገኘሁ፣
ግድግዳውን በአሸዋ ጆንያ ደረብኩ፣
ኮሪደሩን ዘጠኝ ቦታ አጠፍኩት፤
ነፋስ ቀጥታ ሲሄድ ነው የሚገድል፣
በየማዕዘኑ ግን ትንሽ ትንሽ ይደክማል።
መዝገብ ሰጠሁ፣ ፊርማ፣ የፈረቃ ተራ፣
አንድ ጠባቂ ቀጠርኩ፣ ኤርሲዶ የሚባል፣
አባቱ አገዳ ሲቆርጥ ያረጀ፣
እሱ ራሱ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ያለበት።

ሂርጳ አነበበ። «ለምን አልገደሉትም?» አለ።
ይህን አስቤበት ነበር፦
ኮረብታው ላይ የቆሙት ነጫጭ መዘውሮች
ነፋስ በጠፋ ወር ሲደርቁ፣
ከመብራት ኃይል ደብዳቤ ይመጣል፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው፦
«ኮሪደሩ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ክፍት እንዲሆን
በትሕትና እንጠይቃለን።»
ሂርጳ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ጎማው ላይ ተቀመጠ።
«አሁን» አለ፣ «አሁን መሥሪያ ቤት መሰለ።
ግን መውጣት ይችላል አይደል?»
ይችላል።
«ታዲያ ምን ያዘው?»

አላወቅኩም። ሁለት ሳምንት አልጻፍኩም።

ከዚያ አንድ ሌሊት፣ መብራት በጠፋበት፣ መጣልኝ፦
ኤርሲዶ ከካርቶን ዳማ ሠርቷል፤
ጠጠሩ የቢራና የአምቦ ውሃ ቆርኪ።
እሱ ወዲህ፣ ገመዳ ወዲያ፣ ፍርግርጉ መሐላቸው።
ተራው የኤርሲዶ ነው። ያስባል።
ረጅም ያስባል፤ ጣቱን ያነሣል፣ ይመልሳል፣
ኪራዩም ትዝ ይለዋል መሰለኝ።
ያ ጣሪያ የሚነቅለው፣ ሦስት ሰው ያስቀበረን ሰው፣
ቆርኪዎቹ ከቦታቸው እንዳይንሸራተቱ
ጉንጩ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ፣
ትንፋሹን ይዞ
ይጠብቀዋል።

የዚያን ሌሊት እስር ቤቱን አመንኩት።

ለሂርጳ ወሰድኩለት። ሁለት ጊዜ አነበበው።
መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣
ወረቀቱን እንዳይበር በጎማ መፍቻ ተጫነው፤
«ኤርሲዶ ፈቃድ የወጣ ለትስ?» አለኝ።

ከመንገዱ ማዶ
የአንድ ሱቅ ቆርቆሮ ማጨብጨብ ጀመረ።